ያገለገለ ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ውሃ ፓምፕ፦ እየሠራ ድንገት የሚጠፋውን መግዛት ያዋጣል ወይ?

ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ ባለው ቆላ ሽንኩርትና ማሾ የሚያለማ ገበሬ፣ የጣርማበርን ዳገት ወጥቶ ደግሞ በደብረ ብርሃን ዙሪያ በበሬሳ ወንዝ ዳር ድንችና ነጭ ሽንኩርት የሚተክል ሰው በደንብ የሚያውቀው አንድ መሣሪያ አለ። በብረት ፍሬም ላይ የተቀመጠ፣ ሁለት ሰው ያለችግር የሚሸከመው፣ በገመድ ተስቦ የሚነሳ ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ፓምፕ ነው። አዲሱ ዋጋው ስለናረ ብዙ ሰው ያገለገለውን ይፈልጋል። ከሚሸጡት መካከልም ብዙዎቹ አንድ ዓይነት አመል አላቸው፤ ይነሳሉ፣ ትንሽ ይሠራሉ፣ ይጠፋሉ። ሻጩን ብትጠይቁት መልሱ የታወቀ ነው፦ «ካርቡሬተሩ ቆሽሾ ነው እንጂ ምንም የለውም።» ካርቡሬተር ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ክፍል ነው። ገዢው ደግሞ «ሞተሩ አልቆለታል» ብሎ ትቶት ይሄዳል።

ሁለቱም አጠፋፉን ሳያዩ ነው የሚፈርዱት። እየተንተፋተፈ የሚጠፋና እንደ መብራት ቀጥ የሚል ሞተር በሽታቸው አንድ አይደለም። ከጠፋ በኋላ ወዲያው የሚነሳና ካልቀዘቀዘ የማይነሳም እንዲሁ ይለያያሉ። አጠፋፉን የለየ ገዢ በትንሽ ወጪ የሚድን ደህና ፓምፕ በቅናሽ ይገዛል። ያልለየ ግን ካርቡሬተር ሲለውጥ፣ ካንዴላ (እሳት የሚፈነጥቀውን) ሲለውጥ፣ በመጨረሻም ሞተር ሲለውጥ ይከርማል።

በመጀመሪያ መሣሪያውን እንወቀው። እዚህ አገር የሚዞሩት ባለ 3 ኢንች ፓምፖች አብዛኞቹ ወይ የሆንዳ ጂኤክስ 160 ሞተር ያላቸው ናቸው፣ ወይ የእሱን አሠራር ተከትለው ቻይና ውስጥ የተሠሩ 168ኤፍ የሚል የተጻፈባቸው ናቸው። ሆንዳው 163 ሲሲ ነው፤ የፒስቶኑ ስፋት 68 ሚሊ ሜትር ሲሆን ቻይናዎቹ ላይ ያለው 68 የሚለው ቁጥርም ከዚሁ የመጣ ነው። የሞተር ዘይቱ 0.6 ሊትር ገደማ፣ የቤንዚን ታንከሩ 3.1 ሊትር ነው፤ ሙሉ ኃይሉን እየሰጠ ሁለት ሰዓት ገደማ ይሠራል። የሆንዳው ባለ 3 ኢንች ፓምፕ ወረቀቱ ላይ በደቂቃ እስከ 1,100 ሊትር እንደሚያወጣና እስከ 23 ሜትር ከፍታ እንደሚገፋ ተጽፏል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ግን አብረው አይገኙም። ከፍታው ሲጨምር ውሃው ይቀንሳል፣ 23 ሜትር ላይ ደግሞ ጠብታም አይወጣም።

በጥንካሬ ሆንዳው ይበልጣል፤ በተለይ ቫልቮውና የክራንኩ ኩሽኔታ ዕድሜ አላቸው። የቻይናው ጥቅም መለዋወጫው ርካሽ መሆኑና በየሱቁ መገኘቱ ነው። ካርቡሬተሩ፣ ለካንዴላው እሳት የሚልከው ቦቢና፣ የማስነሻ ገመዱ ብዙ ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ይገጥማል። ስለዚህ በደንብ የተያዘ የቻይና ፓምፕ ከተጎሳቆለ ሆንዳ ይሻላል። «ሆንዳ» የሚል ተለጣፊ ብቻ አይታችሁ ገንዘብ አትጨምሩ። እውነተኛው ሆንዳ ስሙና የሞተሩ መለያ ቁጥር በሞተሩ አካል ብረት ላይ አለ፤ ተለጣፊ ወረቀት ብቻ ያለው ከሆነ ጠርጥሩ።

ለመግዛት ስትሄዱ 10 ቁጥር ቁልፍ፣ 21 ቁጥር የካንዴላ ቁልፍ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ንጹሕ ጨርቅና አንድ ባዶ ሃይላንድ ያዙ። ከሁሉ በፊት ሞተሩን በእጃችሁ ዳስሱት። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት አስነስቶታል ማለት ነው፤ ሲቀዘቅዝ የሚመጣውን ችግር ሸፍኖባችኋል። ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ፣ ይቀዝቅዝ።

ከዚያ ዘይቱን እዩ። ፓምፑ በተስተካከለ ቦታ ተቀምጦ የዘይት መክደኛው ሲከፈት ዘይቱ እስከ አፉ ጥርስ መድረስ አለበት። ማኪያቶ የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፤ ሻጩ የፈለገውን ቢል ዋጋውን በግማሽ ካላወረደ አትንኩት። የማስነሻውን ገመድ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ እምቢ ብሎ ሊገታችሁ ይገባል፤ እሱ ኮምፕሬሽኑ፣ የታመቀው አየር ግፊት፣ ነው። እንደ ባዶ ጋሪ ከተንሸራተተ ግን ካንዴላውን ፍቱና በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩ፣ ካንዴላውን መልሳችሁ እንደገና ሳቡ። ዘይቱ ከገባ በኋላ ከጠነከረ ያለቀው ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ነው። ለውጥ ከሌለው ቫልቮው ነው የማይዘጋው። የቫልቮው በማስተካከል ሊድን ይችላል፤ የፋሻው ሞተር መክፈትን ይጠይቃል። በማርሚታው ሰማያዊ ጭስ እያወጣ የሚሠራም ከዚሁ ወገን ነው።

ይህን ካለፈ የመሳቢያ ቱቦውን ውሃ ውስጥ ክታችሁ አስነሱት፣ ከ40 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜም አሠሩት። አምስት ደቂቃ ሠርቶ «ይኸው» የተባለ ፓምፕ አልተፈተነም፤ አብዛኛው የመጥፋት ችግር ብቅ የሚለው ሞተሩ ከሞቀና ታንከሩ ከጎደለ በኋላ ነው።

አሁን ወደ አጠፋፉ እንምጣ። በብዛት የሚያጋጥመው እየተንተፋተፈ፣ ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ ሄዶ የሚጠፋው ነው። ይህ የነዳጅ ወይም የአየር ጉዳይ ነው። ወዲያው የምትሠሩት ፈተና በቾኩ፣ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን አየር በሚዘጋው፣ ነው። ሊጠፋ ሲል ቾኩን ግማሽ ድረስ ዝጉት። ቾኩ ሲዘጋ ነፍስ ከዘራና ድምፁ ከተስተካከለ ሞተሩ ቤንዚን አንሶታል። ይበልጥ ከታፈነና ጥቁር ጭስ ካወጣ ደግሞ ቤንዚን በዝቶበታል ወይም አየር አጥሮታል። ይህቺ የአሥር ሰከንድ ፈተና የግማሽ ቀን ፍለጋ ታድናለች።

ቤንዚን ለሚያንሰው የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ካርቡሬተር አይደለም፤ የታንከሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ጭቃና አቧራ ከደፈናት ቤንዚኑ በወረደ ቁጥር ታንከሩ ውስጥ አየር ያጥራል፣ ቤንዚኑም መውረዱን ያቆማል። ሞተሩ አሥር ወይም ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል፤ ትንሽ አርፎ ይነሳል፣ እንደገና ይጠፋል። ፈተናው ቀላል ነው፦ እንደጠፋ ክዳኑን ፍቱት። እስስ ብሎ አየር ከሳበና ሞተሩ ወዲያው ከተነሳ በሽታው ተገኘ። ሐይቅ ላይ የጀልባ ሞተር የሚያሠሩም የሚቸገሩት በዚሁ ነው፤ የተንቀሳቃሽ ታንከራቸውን ክዳን ማስተንፈሻ ብሎን መክፈት ሲረሱ ጀልባው መሃል ውሃ ላይ ይቆማል። ክዳኑን በሳሙና ውሃ አጥቡና ቀዳዳዋን ክፈቱ። ፌስታል ቋጥሮ ክዳን ያደረገ ሰው ካለ ደግሞ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግ ፌስታሉን አውልቆ ክዳን ይግዛ።

ሁለተኛው ቤንዚኑ ራሱ ነው። ከማደያ በቀጥታ ያልተቀዳ፣ በጀሪካን ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ቤንዚን ውሃም፣ ዝገትም፣ አንዳንዴም ላምባ ይዞ ይመጣል። እዚህ ላይ ነው ሃይላንዷ የምትጠቅመው። የቤንዚን መክፈቻውን ዝጉ፣ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ፍቱ፣ ሃይላንዷን ከሥር ይዛችሁ መክፈቻውን ክፈቱና ሩብ ያህል ሙሉ። አቁማችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ ወደ ፀሐይ አንሥታችሁም እዩ። ውሃ ካለበት ከታች ጥርት ብሎ፣ ከቤንዚኑ በቀጭን መስመር ተለይቶ ይተኛል፤ ጠርሙሷን ስታዘነብሉት እንደ ሜርኩሪ ጠብታ እየተድቦለቦለ ይንከባለላል። ከመክፈቻው ሥር ያለችውን ትንሽ ኩባያም ፈትታችሁ ጥረጉ፤ የውሃና የዝገት ማጠራቀሚያ ናት። የሆንዳ መመሪያ በየ6 ወሩ ወይም በየ100 የሥራ ሰዓቱ ትጽዳ ይላል። በጀሪካን ቤንዚን ለሚሠራ ፓምፕ ግን በየሁለት ሳምንቱ ቢሆን ይሻላል። ላምባ የተቀላቀለበትን በጠረኑ መለየት ይቻላል፤ ጣት ላይ ቢነካ ቶሎ አይተንም፣ ቅባቱም ይቆያል። እንዲህ ያለ ቤንዚን ሞተሩን ሲቀዘቅዝ አላስነሳ ይላል፣ ሲሞቅ ያንኳኳዋል።

ከነዚህ ቀጥሎ ካርቡሬተሩ ይመጣል። ያገለገለ ፓምፕ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ወራት ቆሞ ነው፤ ቤንዚኑ ተኖ የቀረው ዝቃጭ ካርቡሬተሩ ውስጥ እንደ ሙጫ ደርቋል። ቤንዚኑን ዘግታችሁ ከታች ያለውን ኩባያ በ10 ቁጥር ቁልፍ ፍቱ። ግርጌው ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካገኛችሁ ውሃ ከርሞበታል። ከመሃል በሚወርደው ግንድ ውስጥ በካቻቢቴ የሚፈታው የነሐስ ፍሬ ጂግለሩ፣ ቤንዚኑን የሚመጥነው፣ ነው። ቀዳዳዋ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም። ወደ ብርሃን ያዟት፤ ፍጹም ክብ ብርሃን ካላያችሁ ተደፍናለች። በመርፌ አትውጓት! ብረቱ ነሐሱን ይቦረቡረዋል፣ ቀዳዳዋ ትሰፋለች፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ዕድሜ ልኩን ቤንዚን ይበዛበታል። ከኤሌክትሪክ ገመድ ላይ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር መዛችሁ አሳልፉባት፣ ወይም ጎማ ቤት ወስዳችሁ በአየር አስነፉት። ከጂግለሩ በላይ ያለውን ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ቱቦም አውጥታችሁ በቤንዚን እጠቡ። ተንሳፋፊውን አራግፉት፤ ውስጡ ቤንዚን ከተንቦጫቦጨ ተበስቷልና ይለወጥ።

መልሶ ሲገጠም የሚሠራ አንድ ስሕተት አለ። የተቀደደ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መሃል የሚገባ ማሸጊያ) ከካርቶን ቆርጠው ይተኩበታል። በካርቡሬተሩ አፍ ላይ፣ በአየር ማጣሪያው በኩል፣ ኩባያው የሚተነፍስባት ቀዳዳ አለች፤ ካርቶኑ እሷን ከሸፈናት ሞተሩ ይነሳና ነዳጅ ሲሰጡት ይታነቃል። ብዙ ካርቡሬተር በከንቱ የተጣለው በዚህ ነው። ኦርጅናሉን ጓርኒሲዮን አምሳያ አድርጋችሁ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ቆጥራችሁ ቁረጡ፤ ቢቻል ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ግዙ፣ ዋጋው ትንሽ ነው። ካርቡሬተሩ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት በኩልም አየር እንዳይስብ ሞተሩ እየሠራ በሳሙና ውሃ ቀቡት፤ ድምፁ ከተለወጠ እዚያ ጋ ክፍተት አለ።

ቀጥ ብሎ የሚጠፋው ሌላ ዘር ነው። አይንተፋተፍም፣ አያስጠነቅቅም፣ ማጥፊያውን የነካችሁት እስኪመስል ጭጭ ይላል። ይህ የእሳት፣ ማለትም የኤሌክትሪክ፣ ችግር ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ዘይት ነው፤ እነዚህ ሞተሮች ብዙዎቹ ዘይት ሲያንስ እሳቱን የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ አላቸው። ዘይቱ ባይጎድልም ፓምፑ ዘንበል ካለ መቆጣጠሪያው ጎደለ ብሎ ያጠፋዋል። እኛ ጋ ደግሞ የወንዙ ዳር ገደል ነው፤ ፓምፑ በድንጋይ ተደግፎ ተንጋዶ ይቀመጣል። መመሪያው ከ20 ዲግሪ በላይ አይዘንብል ይላል። ስለዚህ ካርቡሬተር ከመፍታታችሁ በፊት ፓምፑን አካፋ ይዛችሁ በተደለደለ ቦታ አስቀምጡት። በዚህ ብቻ የዳነ ፓምፕ ብዙ ነው። ዘይቱ ሙሉ፣ መሬቱ ለጥ ያለ ሆኖ አሁንም የሚያጠፋ ከሆነ ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን የመቆጣጠሪያውን ሽቦ፣ ብዙ ጊዜ ቢጫ ነው፣ ለፈተና ብቻ ንቀሉት። ሳይጠፋ ከሠራ መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል። ነቅለው የሚተዉት አሉ፤ ከተዋችሁት ዘይት በየማለዳው ማየት ግዴታችሁ ነው፣ ምክንያቱም ዘይት ባለቀ በደቂቃዎች ውስጥ ቢየላው፣ ፒስቶኑን ከክራንኩ ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ ከክራንኩ ጋር ይጣበቃል።

ቀጥሎ ከማጥፊያው የሚመጣው ሽቦ ነው። በንዝረት ከፍሬሙ ጋር እየታሸ ይላጣል፤ ብረት በነካ ቁጥር ሞተሩ ይጠፋል። ሽቦውን በጣት ተከትላችሁ የተላጠውን ፈልጉ፣ ኢንሱሌቲንግ ቴፕ ጠቅልሉበት። ካንዴላውም ይታይ። ለጂኤክስ 160 የሚሆነው ቢፒአር6ኢኤስ የሚባለው ነው፤ የጫፉ ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን።

ቦቢና ሲታመም ደግሞ ምልክቱ እንዲህ ነው። ሲቀዘቅዝ ደህና ይነሳል፣ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይሠራል፣ ሲሞቅ ቀጥ ይላል፣ ግማሽ ሰዓት ካልቀዘቀዘ አይነሳም። እርግጠኛ ለመሆን እንደጠፋ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ካንዴላውን ፍቱ፣ ካፑ ላይ እንዳለ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነክታችሁ ገመዱን ሳቡ። የፈሰሰ ቤንዚን አጠገብ አታድርጉት። ሰማያዊ እሳት ካላያችሁ፣ ሲቀዘቅዝ ግን ከመለሰ ቦቢናው ይለወጥ። አዲሱ ሲገጠም ከማግኔቱ ጋር ያለው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መለኪያ ከሌለ አንድ ቢዝነስ ካርድ መሃላቸው አስገብታችሁ ብሎኑን አጥብቁና ካርዱን ሳቡት።

ከሞቀ በኋላ አልነሳም የሚል፣ እሳቱ ግን ደህና የሆነ ሞተር ካጋጠማችሁ ቫልቮውን እዩ። ቫልቮው መቀመጫውን እየበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፤ ብረት ሲሞቅ ይረዝማልና ቫልቮው ሳይዘጋ ይቀራል፣ ኮምፕሬሽን ይጠፋል። ያረጀ ቻይና ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ብዙ መካኒክም አያየውም፣ ወደ ካርቡሬተር ነው የሚሮጠው። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ የቫልቮ ክዳኑን 4 ብሎን ፍቱ። ሁለቱም ቫልቮዎች ተዘግተው ፒስቶኑ መጨረሻ ከፍታው ላይ በደረሰበት ቦታ በፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ለኩ። በካርቡሬተሩ በኩል ያለው አስገቢ ቫልቮ 0.15፣ በማርሚታው በኩል ያለው አስወጪ 0.20 ሚሊ ሜትር ነው። ዳዶውን አላልታችሁ አስተካክሉ፣ አጥብቁና እንደገና ለኩ፤ ሲጠብቅ ልኩ ይሸሻል። ሥራው ለለመደ ሰው ከግማሽ ሰዓት አያልፍም፣ አንድም ዕቃ አይገዛበትም። «አልቆለታል» ተብሎ በብረት ዋጋ የሚሸጥ ፓምፕ በዚህ ሲነሳ ማየት ደስ ያሰኛል።

አሁን የሰሜን ሸዋን ገዢ በተለይ የሚነካ ነገር አለ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ናት፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ። ቆላ ላይ ተስተካክሎ ሲሠራ የነበረ ፓምፕ ጣርማበርን ወጥቶ ደጋ ሲደርስ አየሩ ይሳሳበታል። ቤንዚኑ ግን በዚያው በድሮው ልክ ይገባል። ውጤቱ ጥቁር ጭስ፣ በጥቀርሻ የጠቆረ ካንዴላ፣ ነዳጅ ሲጨምሩለት ማጉረምረም፣ ጭነት ሲመጣበት መጥፋት ነው። ሻጩ አልዋሸም፤ እዚያ በትክክል ይሠራ ነበር። ገዢውም አልተሳሳተም፤ እዚህ አይሠራም። ሁለቱ ሰዎች በስልክ ሲነታረኩ ጥፋተኛው አየሩ ነው።

መፍትሔው ጂግለሩን ቁጥሩ በሚያንስ መለወጥ ነው፤ ቁጥሩ ነሐሱ ላይ ተቀርጿል። የሆንዳ መመሪያ ራሱ ከ1,500 ሜትር በላይ ሁልጊዜ ለሚሠራ ሞተር ካርቡሬተሩ እንዲስተካከል ይመክራል። ትክክለኛው ልክ መገኘቱን የሚነግራችሁ ካንዴላው ነው። ግማሽ ሰዓት በጭነት አሠርታችሁ አጥፉና ፍቱት። ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ተስማምቶታል፤ ጥቁርና ዱቄታም ከሆነ ገና ቤንዚን ይበዛል፤ ነጭ ከሆነ አንሶታልና ቶሎ መልሱት፣ ሞተሩ ይቃጠላል። በዚሁ ምክንያት ለደጋ የተስተካከለውን ፓምፕ መልሳችሁ ቆላ ስታወርዱ የድሮውን ጂግለር መግጠም አትርሱ። አውልቃችሁ ስታስቀምጡት በወረቀት ጠቅልላችሁ «የቆላ» ብላችሁ ጻፉበት።

ካርቡሬተሩ ቢስተካከልም የጠፋው ኃይል ሁሉ አይመለስም። በየ300 ሜትሩ 3.5 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ሲደርስ ባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ኃይል ሲሶው ገደማ ሄዷል። ስለዚህ ደጋ ላይ ውሃ ወደ ረጅም ዳገት ለመግፋት የሚያስብ ሰው ባለ 3 ኢንች በዚህ ሞተር ባይገዛ ይመረጣል። 196 ሲሲ ሞተር ያለውን ይፈልግ፣ ወይም ወደ ባለ 2 ኢንች ይውረድ።

መሳቡም እንዲሁ ይቀንሳል። ፓምፑ ውሃውን የሚስበው የአየር ግፊት እየረዳው ነው። የሆንዳው ወረቀት 7.5 ሜትር ድረስ ይስባል ሲል ባሕር ወለል ላይ ማለቱ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ከዚህ አንድ ሜትር ተኩል ያህል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሦስት ሜትር ያህል ቀንሱ። ደጋ ላይ ፓምፑ ከውሃው ከ3 ወይም ከ4 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ባይቀመጥ መልካም ነው።

ይህ ግን አንድ አደጋ ያመጣል፣ በቀጥታ መናገር ያስፈልጋል። ውሃው ሲርቅ ፓምፑን ጉድጓድ ውስጥ አውርደው የሚያስነሱ አሉ። የቤንዚን ሞተር ጭስ ሽታ የሌለው፣ ዓይን የማያየው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሊያስነሳ የወረደውን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል፣ ሊያወጣ የተከተለውንም ይጨምራል። ለጥልቅ ጉድጓድ ይህ ፓምፕ አልተሠራም። በኤሌክትሪክ ወይም በሶላር የሚሠራ ጠላቂ ፓምፕ ነው መፍትሔው።

ከፓምፑ ወገን ያለውን ባጭሩ እንለፈው። ውሃው ቆሞ ሞተሩ ግን ከጮኸ ሞተሩ ደህና ነው፤ የመሳቢያው ቱቦ አየር ስቧል ወይም ወንፊቱ ታፍኗል። ሞተሩ ራሱ በጭነት ከታነቀ ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ (ኢምፔለሩ) ውስጥ ጠጠር ወይም ጨርቅ ገብቶ ይሆናል፤ ፓምፑን ከማስነሳታችሁ በፊት ገመዱን ስትስቡ ያስታውቃል። በሞተሩና በፓምፑ መካከል ከታች ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ ውሃ የሚያግደው ማሸጊያ («ሲል» የሚባለው) አልቋል። ይህ የሚሆነው ሆዱን በውሃ ሳይሞሉ በደረቁ ሲያስነሱት ነው። ማሸጊያው ሳይለወጥ ብዙ ከቆየ ውሃው ወደ ሞተሩ ያልፋል፤ ያ ማኪያቶ የመሰለ ዘይት ከዚህም ሊመጣ ይችላል።

ፈጽሞ የማይገዛውም አለ። ፍጥነት እንዲጨምር ብለው የገቨርነሩን (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን) ሞላ የሳቡበት፣ ወይም በሽቦ ያሰሩት ፓምፕ ካያችሁ ተዉት። እነዚህ ሞተሮች ፓምፕ ሲነዱ ልካቸው በደቂቃ 3,600 ዙር ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ የጮኸ ሞተር ቢየላው ይሰበርና የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ይወጣል። ቢሠራም ቀኑን እየጠበቀ ነው።

ዋጋ ሲቆረጥ ክዳን፣ ሽቦ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካንዴላና ቫልቮ ማስተካከል የሚፈልገውን ደህና ፓምፕ ብላችሁ ግዙ፤ ጠቅላላ ወጪው ትንሽ ነው። ቦቢና ወይም ሙሉ ካርቡሬተር የሚፈልገውን ዋጋቸውን ከሱቅ ጠይቃችሁ ከመሸጫው ላይ አስቀንሱ። ፋሻ ወይም ክራንክ የሚፈልገው ከአዲሱ ግማሽ ዋጋ በላይ ከተጠራ አያዋጣም።

ገዝታችሁ ስትወስዱት ያለውን ዘይት አፍስሳችሁ አዲስ 10ደብልዩ-30 አድርጉ፤ ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ ይቀየር። የአየር ማጣሪያውን ስፖንጅ በሳሙና አጥባችሁ አድርቁና ጥቂት የሞተር ዘይት አስነክታችሁ ጭመቁት። ክረምት ገብቶ ፓምፑ ከመቆሙ በፊት ደግሞ ታንከሩን አራግፉ፣ የቤንዚን መክፈቻውን ዘግታችሁ ሞተሩን አስነሱና ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውን ጨርሶ በራሱ እስኪጠፋ ተዉት። ከሥር ያለችውን ብሎን ፈትታችሁ የቀረውን ጠብታ አፍስሱ። ገመዱን እስኪገታችሁ ድረስ ቀስ ብላችሁ ሳቡና እዚያው ላይ ተዉት፤ ሁለቱም ቫልቮዎች ተዘግተው ይከርማሉ፣ እርጥበትም አይገባም።